አውራ ጣት የሌለው ቃል

ባለፈው ጥቅምት አዳማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ራዲዮኑ ጃንሆይ ለፓርላማው የሚያሰሙትን የዙፋን ንግግር ማስተላለፍ ጀመረ። ተነሣሁ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን ወደ ወገቤ አወረድኩ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሌላው ሰው ሻዩን ይጠጣል። አንድ ሹፌር ከረዳቱ ጋር ስለ ጎማ ይጨቃጨቃል። አሳላፊዋ ሰሃን ተሸክማ በአጠገቤ ስታልፍ፣ አባባ ይቀመጡ እንጂ መንገድ ዘጉብኝ ትለኛለች። አልተቀመጥኩም። ንግግሩ አለቀ፣ ሙዚቃ ገባ። አሁንም ቆሜ ነበር።

ምን እንደምጠብቅ በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ቢጠይቁኝም ቆሜ የምመልሰው ነገር አይደለም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፣ ዳዊት አልደገምኩም። የቃል አሳካክ የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላ ይሂድ። እኔ ያየሁትን ነው የማውቀው።

ሥራዬ አዋጅ መናገር ነበር። ነጋሪቱ ዛሬ ጓዳዬ ውስጥ ተቀምጧል። ቆዳው ተሰንጥቆ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። ማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ባስመጣ ጊዜ፣ ከእንግዲህ አያስፈልግምና ውሰደው አሉኝ። ወሰድኩት። በቃ፣ ጡረታዬ እሱ ነው።

ሥራውን የያዝኩት አዳማ ገና ባቡር የሚያርፍባት፣ ግራርና አቧራ የሞላባት ትንሽ ቦታ በነበረች ጊዜ ነው። ከምንጃር ወርጄ ጣቢያው ላይ ጆንያ አወርድ ነበር። ሚስት አግብቻለሁ፣ ጎጆ ቀልሻለሁ። ድምፄ ትልቅ ነው። ባቡሩ እያፏጨ እንኳ ሸካሚዎቹን ከወዲያኛው ጫፍ ስጠራቸው ይሰሙኛል። አንድ ቀን ባሻ ይመኑ የሚባሉት አዋጅ ነጋሪ ጣቢያው ድረስ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸውን ፈንጣጣ የጎበኘው ሰው ነበሩ። ገበያተኛው ሲያያቸው ወሬውን ያቆማል።

«ያ ጩኸት ያንተ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው።»

«የበሬ ይመስላል። ቢሆንም ይሰማል። ነጋሪት መቺዬ በወባ ሞቶብኛልና ና።»

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ደሞዝ አትበሉት። በፋሲካ አቡጀዲ፣ በመኸር እህል ይሰፈርልን ነበር። የሚረሱበትም ዓመት ነበር።

የባሻን ልማድ ልንገር። ያለ እሱ የኋላው ነገር አይገባም። አዋጅ በሚናገሩበት ቀን እህል አይቀምሱም። ለብ ያለ የተልባ ውኃ ብቻ ይጠጣሉ። ገበያ ሲደርሱ መጀመሪያ ነፋሱን ነው የሚያዩት። ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቆማሉ፣ ድምፁን ነፋሱ ራሱ ይሸከምላቸዋል። መቆሚያቸው ኩይሳ ነበር። በእኛ አገር ምስጥ የሠራው ኩይሳ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የአዳማ ገበያ መካከል አንድ አናቱ የተደለደለ ነበር። ሌላ ሰው አይወጣበትም፣ ፍየል እንኳ ብትወጣበት ያባርሯታል።

ባሻ ማንበብ አይችሉም ነበር። ጸሐፊው ሦስቴ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን በቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ ያስቀምጡታል። የንጉሡ ስምና ሰላምታ በትንሿ ጣት ነው። ምክንያቱ በቀለበት ጣት። ትእዛዙ በመሐል ጣት። ቀኑና ቦታው በሌባ ጣት። ኩይሳው ላይ ወጥተው ሲናገሩ እጃቸውን ከፍ አድርገው አንድ አንዷን ጣት ያጥፏታል። ድምፁ የማይደርሰው ሩቅ የቆመ ሰው በጣቱ ይከተላል።

አውራ ጣት የቅጣት ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ከታጠፉ በኋላ አውራ ጣቷ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ያፈረሰ ይህን ያህል ይገረፋል፣ ይህን ያህል ይከፍላል ይሉና ወደ ላይ ያነሷታል። ያኔ አዋጁ አለቀ ማለት ነው። ሰው ይበተናል። አውራ ጣቷ ሳትነሣ ንቅንቅ ማለት የንጉሥን ቃል መናቅ ነው። ሞጆ ገበያ ላይ አንዱ አህያው አስቸግራው ቀድሞ ቢሄድ ዘበኞቹ ከነአህያው ግራር ሥር አስረው አዋሉት። ከዚያ ወዲህ ከሞጆ እስከ መቂ፣ ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ፣ ባሻ ኩይሳ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከአውራ ጣታቸው አይነቅልም።

አዳሚ ቱሉ የከብት በሽታ የገባ ጊዜ የነገርነው አዋጅ ትዝ ይለኛል። የታመመ ከብት ያለው ወደ ሐይቁ እንዳያወርድ፣ የሞተውንም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ እንዲቀብር፣ እምቢ ያለ እንዲገረፍ የሚል ነበር። ከብቱን ለሚወድ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ያለቀሱ ነበሩ። አውራ ጣቷ ስትነሣ ግን እንባቸውን ጠርገው ሄዱ። መንገድ ላይ ስንመለስ ይህ ሕዝብ እንዴት እሺ አለ አልኳቸው።

«ቅጣቱን ያወቀ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል» አሉኝ። «የማያስተኛው ያላወቀው ነው።»

ራሳቸው ባሻ የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። እሳቸውን ያስተማሩ አንድ የቡልጋ ሰው ነበሩ። እኚያ ሰው አንድ ጊዜ ገበያው አሳዝኗቸው፣ ንጉሡ ያላሉትን፣ ድሃ ግን ይቅር ይባልለታል የሚል ቃል ጨመሩ። ወሬው ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን የሰማ ሰው የለም። ምን እንዳደረጓቸው ባሻ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ብቻ ሁልጊዜ ኩይሳው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ምላሳቸውን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው ይለቁታል። መኖሩን የሚያረጋግጡ ይመስላል።

ከዚያ ሕገ መንግሥት የሚባል ተጻፈ ተባለ። አዲስ አበባ ምክር ቤት ተሠራ፣ አንዱ የሕግ መወሰኛ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ይባላል አሉ። ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተው ወይም መልእክት ልከው ለእነዚህ ሁለት ቤቶች ቃል ማሰማት እንደሚችሉ በሕጉ ገብቷል ብሎ የግራዝማቹ ጸሐፊ ነገረን። ግራዝማቹ የአገሩ ሹም ናቸው።

ባሻ ግራ ገባቸው። ንጉሥ ለመናገር ደግሞ ሕግ ያስፈልገዋል እንዴ አሉ። ጸሐፊው ደግ ልጅ ነበር፣ አልሳቀባቸውም። ድሮ ንጉሥ ሲናገር ማዘዙ ነው፣ አሁን ግን ሳያዝዝ፣ ለመማክርቱ አሳቡን የሚገልጽበት ንግግር መጣ አላቸው። ሳያዝዝ የሚናገር ንጉሥ ለባሻ ሊገባቸው አልቻለም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልገባኝም ነበር።

ቃሉ ታትሞ በባቡር መጣ። ግራዝማቹ ጠዋት ግቢያቸው አስጠሩን። ፊታቸው ጠቁሯል። አንድ የጎረቤት ሹም የንጉሥ ቃል ደብቋል ተብሎ ተከሰሰ የሚል ወሬ በዚያው ባቡር መጥቷል። እውነት ይሁን ውሸት አናውቅም። እሳቸው ግን አምነውታል። የፊታችን ገበያ በነጋሪት ይነገር አሉ።

ጸሐፊው ማንበብ ጀመረ። ባሻ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ሕግ ነው፣ ስለ መመካከር ነው፣ አገር በአንድነት እንዴት እንደሚቆም ነው። ረጅም ነው። ትንሿ ጣት ሞላች፣ የቀለበት ጣት ሞላች፣ መሐል ጣት ላይ ሲደርሱ ባሻ የሚያስቀምጡት ትእዛዝ አጡ። ሌባ ጣትም ባዶ ሆነች። ሦስቴ ተነበበ።

«ቅጣቱን አንብብልኝ» አሉ ባሻ።

«የለውም።»

«ገልብጠው።»

«ገለበጥኩት፣ ባሻ። የለውም።»

ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ግራዝማቹ ዞሩ። ያን ጊዜ የተናገሩት ሁሉ በጆሮዬ አለ።

«ጌታዬ፣ ይህ ለገበያ የተባለ ቃል አይደለም። ጃንሆይ ቤት ዘግተው ለመማክርታቸው የነገሩት ነው። እኛ በግድግዳ ነው የሰማነው። በነጋሪት ካወጣነው ሰዉ ቆሞ ይቀርብናል።»

«ይቁም» አሉ ግራዝማቹ። «ለንጉሥ ቃል መቆም ምን ነውር አለው?»

እኔ አፌን መያዝ አልችልም። ነጋሪት ሳይመታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በጸሐፊው ቢነበብስ አልኩ። ግራዝማቹ እንኳን ሊመልሱልኝ አላዩኝም፣ ለዘበኛው፣ ይኼ የነጋሪቱን ዱላ ይያዝ በለው አሉት።

ወደ ቤት ስንሄድ ባሻ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ። ነጋሪት ከመመታቱ በፊት ቆዳውን እሳት ዳር አሙቄ አጠብቀዋለሁ፣ ያኔ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። የፊታችን ገበያ አታሙቀው አሉኝ። ቢላላ ትንሽ ሰው ይሰበሰባል ማለታቸው ነው። ተስፋቸው ይህን ያህል ብቻ ነበር። እኔም አላሞቅኩትም። ነገር ግን በገበያው ቀን ከአዋሽ ወዲህ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ነፍሶበት ቆዳውን እንደ ድንጋይ ገተረው። መጀመሪያ ስመታው ድምፁ እስከ ሐዲዱ ማዶ ሄደ። ባሻ ዞር ብለው አዩኝ። አሙቄው መስሏቸው ነበር፣ በራሴ ምልክት አላሞቅኩትም አልኳቸው። ምላሳቸውን በጥርሳቸው ያዝ አደረጉና ወጡ።

ገበያው ሙሉ ነበር። የጨው ነጋዴዎች፣ ቅቤና ወተት ያመጡ ሴቶች፣ ከጣቢያው የመጡ የዓረብ ባለሱቆች፣ ከብት የነዱ የቦሰትና የሉሜ ሰዎች ነበሩ። ከኩይሳው ሥር ኦቦ ገመዳ ቆመዋል። ባለ ብዙ ከብት የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ባሻ በአማርኛ ያሉትን በኦሮምኛ የሚደግሙት እሳቸው ነበሩ። ደሞዝ የላቸውም፣ የገዛ ወገኔ ያልገባውን ሰምቶ እንዳይታሰር ነው ይሉ ነበር።

ባሻ ስማ ብለው ጀመሩ። ወንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ የተቀመጠው ተነሣ። በደንብ ተናገሩ። ያን ቀን የተናገሩትን ያህል አምረው ተናግረው አያውቁም። ቃሉ ትእዛዝ ስለሌለው ከድምፃቸው ቁጣው ወጥቶ ነበር። ኦቦ ገመዳም እየተከተሉ ደገሙት። ትንሿ ጣት ታጠፈች፣ የቀለበት ጣት ታጠፈች። ሌሎቹን ሁለት ባዶ ጣቶች አንድ ላይ አጠፏቸው። ከዚያ ዝም አሉ። እጃቸው እንደተሰቀለ ነው፣ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች ሥር ተሸሽጓል።

ሰው ጠበቀ።

ባሻ እጃቸውን አወረዱ። ማንም አልተነቃነቀም። ከወደ ፊት ቆመው የነበሩ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ቅቤ ሻጭ ነበሩ፣ አፈ ቀላል፣ ሹም የማይፈሩ። እሳቸው ናቸው የተናገሩት።

«ባሻ፣ አውራ ጣቱስ?»

«የለውም፣ እመቤቴ። አልቋል። ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

«ያለ አውራ ጣት እንዴት ብለን እንሄዳለን?»

ይህ ጥያቄ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ወደ ኋላ ሄደ። ቀጥሎ መንሾካሾክ ሆነ። እኔ ከኩይሳው ሥር ቆሜ እሰማለሁ። ቅጣቱን ደብቀውታል ይላል አንዱ። ሌላው፣ ቅጣቱ ትልቅ ስለሆነ አፋቸው እምቢ ብሏቸው ነው ይላል። አንድ የጨው ነጋዴ ቀልደኛ ነበር፣ ቆይ ንጉሡ አውራ ጣታቸውን አዲስ አበባ ረስተውት ይሆናል አለ። ማንም አልሳቀም። እሱም ወዲያው የተናገረው አስፈራው መሰል ዙሪያውን ቃኘ። እያንዳንዱ ሰው ያደረገውን በልቡ መቁጠር ሲጀምር ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር።

ኦቦ ገመዳ ወደ ባሻ ቀና አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

«ባሻ፣ እኔና አንተ ብዙ ቀን አብረን ቆመናል። ንገረኝ። ዱላውን ሳያሳይ በለሰለሰ ቃል የሚናገር አባት፣ ዱላው ከጀርባው ነው። ንጉሡ ምን ሰምተውብናል?»

«ምንም አልሰሙም። ለመማክርታቸው የተናገሩት ነው።»

«ታዲያ ለእኛ ስለ ምን ነገርከን?»

ባሻ ዓይናቸውን ወደ ገበያው ዳር ጣሉ። መልሱ የነበራቸው ግራዝማቹ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ በተጣለላቸው ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ፀሐይ ወጣች፣ ወጣችና አናት ላይ ሆነች። ሰው ቆሟል። ማንም ቀድሞ የሄደ መባልን አልፈለገም። ከብቱ ውኃ ጠማው፣ መጮህ ጀመረ። ያዘለች ሴት ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ነጠላዋን ዘረጋችበት። አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ። ያነሷቸው ሰዎች እንኳ ይዘዋቸው አልሄዱም፣ ደግፈው አቆሟቸው። በኋላ ባቡሩ ከሞጆ በኩል አፏጨ። ኮርማዎቹ ደነገጡ፣ እረኞቹ ተንጠላጥለው ያዟቸው። ያ ከብት ቢፈታ ኖሮ በዚያ በታፈገ ሰው መካከል ስንቱን ይረግጥ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ግራዝማቹም ይህን አይተዋል። ፈርተዋል። ይህን ያህል ሰው ያለ ምክንያት ቆሞ ሲያይ ሹም ዓመፅ ይመስለዋል። ዘበኛ ላኩ። መልእክቱም፣ ወደ ቤቱ ያልሄደ ይገረፋል ብለህ በንጉሡ ስም ተናገርና አውራ ጣትህን አንሣ የሚል ነበር። አንድ ቃል ናት። ተናግረዋት ቢሆን ሁሉም ያልቅ ነበር።

ባሻ ኩይሳው ላይ ሆነው ሰሙት።

«ንጉሡ ይህን አላሉም» አሉ። «ከንጉሥ አፍ ላይ አልጨምርም። ግራዝማች በራሳቸው ስም ይናገሩ።»

ግራዝማቹ በራሳቸው ስም ሊናገሩ አልወደዱም። የንጉሥን ቃል አቋርጦ የራሱን አዋጅ አወጀ እንዳይባሉ ፈሩ። በባሻ አፍ እንዲሆን ነው የፈለጉት። ዘበኞቹ ባሻን ከኩይሳው አወረዷቸው፣ እጃቸውንም ወደ ፊት አሰሩት። ከዚያ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ በሬው አንተ ውጣ አለኝ።

ወጣሁ። ከዚያ በፊት ኩይሳው ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከላይ ሲያዩት ሰው ሁሉ ዓይን ብቻ ነው። ሁሉም የሚያየው ቀኝ እጄን ነው። ልጨምር ይሆን ወይስ እምቢ ልበል፣ አላውቅም ነበር፣ እስከ ዛሬም አላውቅም። አፌን ከፈትኩ። ያ ባቡር የሚያሸንፍ ድምፅ አልወጣም። እንኳን ቃል ትንፋሽ አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው ነው። የባሻ አስተማሪ፣ እኚያ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ያልተሰማው ሰው ናቸው በዓይኔ የመጡብኝ። ዘበኛው እግሬን ይዞ ጎትቶ አወረደኝ።

ግራዝማቹ ከዳሱ ሆነው ባሻን ግረፏቸው አሉ። እምቢ በማለታቸው ነው። ከኩይሳው ሥር በሆዳቸው አስተኟቸው፣ ነጠላውን ከጀርባቸው ገፈፉት። የመጀመሪያው ጅራፍ አረፈ። ሁለተኛው አረፈ። ባሻ አልጮሁም። ራሳቸውን ወደ ጎን አዙረው ሰዉን አዩት። እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ ነበርና ፊታቸውን አየሁት። በሕመሙ መካከል አንድ ነገር የታያቸው ሰው ፊት ነበር።

የታሰሩትን እጆቻቸውን ከአቧራው አንሥተው ወደ ፊት ዘረጉ። ቀኝ እጃቸውን ጨበጡ። አውራ ጣታቸውን አነሡ።

ከፊት የቆሙት አዩ። አዴ ጫልቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ኦቦ ገመዳ ኮፍያቸውን አጠለቁና ዞረው በኦሮምኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ቅጣቱ ወረደ፣ በነጋሪው ላይ ወረደ፣ እኛን ለቆናል ማለታቸው ነበር። የሰው ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁት። መጀመሪያ ከብቶቹ ወጡ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ከዚያ ሌላው። ጅራፉ እያረፈ፣ ሰዉ በሥርዓት ተበተነ። ዘበኛው መግረፉን ሲያቆም ገበያው ላይ የቀረነው እኛና የአዴ ጫልቱ የቅቤ ቅል ነበርን። ትተውልን የሄዱት ለጀርባቸው መቀቢያ ነበር።

ማታ ማታ እቤታቸው እየሄድኩ ያን ቅቤ እቀባቸዋለሁ። ኦቦ ገመዳ ወተት አስይዘው መጡ። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ተባብለው ተቀመጡ። ሲነሡ፣ ያ ጅራፍ የሁላችንም ነበር ባሻ አሉ። ባሻ ፈገግ ብለው፣ ታዲያ ስለ ምን ለብቻዬ ሰጣችሁኝ አሉ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ስለ ድምፄ ይቆጡኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። አልተቆጡም። አንድ ቀን ብቻ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተኝተው ሳሉ፣ እንኳን አልወጣልህ አሉኝ፣ ቢወጣ ኖሮ ምን ትል ነበር? አላውቅም አልኳቸው። እኔም ለአንተ እሱን ነው የፈራሁት አሉ።

ከዚያ በኋላ ኩይሳው ላይ አልወጡም። እኔ ተተካሁ። ድምፄ ለሌላው አዋጅ ሁሉ ይወጣል፣ ለግብሩም ለመንገድ ሥራውም። የሚያስፈራኝ ያ ወራት ነበር። ጃንሆይ ለምክር ቤቱ በየዓመቱ ይናገራሉና፣ ወራቱ ሲደርስ የባቡር ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ያ ቃል መጣ እላለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ግራዝማቹ ተሽረው ሌላ ሹም መጥተው ነበር፣ ግን እሳቸውም ያው እንደ ፊተኛው የንጉሥ ቃል ደበቀ መባልን ስለ ፈሩ በነጋሪት ይነገር አሉ። ለመንኳቸው፣ አልሰሙኝም።

እኔ ግን እንደ ባሻ አይደለሁም፣ ነገር አስቀድሜ እናገራለሁ። ኩይሳው ላይ ወጥቼ ሳልጀምር፣ ይህ ለመማክርት የተባለ ነው፣ እኛ በግድግዳ ነው የምንሰማው፣ ቅጣትም የለበትም፣ ተቀመጡና ስሙ አልኳቸው። አልተቀመጡም። ቆመው ሰሙ። ስጨርስም እንደዚያ ዓመት ቆመው ቀሩ። ያኔ ከፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ባሻ በምርኩዛቸው ተነሡ። ወደ ሰዉ ዞሩ። ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጀርባቸውን አሳዩና አውራ ጣታቸውን አነሡ። ይህ ተከፍሎበታል እንደ ማለት ነው። ሰዉ ራሱን ነቅንቆ ተበተነ።

እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ እንዲህ አደረጉ። ንጉሡ አዲስ አበባ ምክር ቤታቸው ውስጥ ይናገራሉ፣ አዳማ ላይ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ያሳያል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ጃንሆይ ይህን አያውቁም፣ መማክርቱም አያውቁም። የሚነግራቸውም አልነበረም። እኛ የእነሱን ቃል የምናወርድ እንጂ የእኛን የምናወጣ አልነበርንም።

ባሻን የቀበርናቸው በበጋ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቃል በነጋሪት ነገርኩ፣ አውራ ጣት የሚያነሣ ግን አልነበረም። የእኔን ባነሣ ውሸት ይሆናል፣ ጀርባዬ ደኅና ነው። ሰዉ ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ቆሞ፣ ሳይፈታ፣ አንድ በአንድ እየሾለከ ሄደ። ቆይቶ ጦርነት መጣ። በባቡር ሐዲዱ ላይ አውሮፕላኖች ሲያልፉ ገበያ ላይ ነበርኩ። ሁሉም ወደ ግራሩ ሮጠ። አዴ ጫልቱ አልሮጡም፣ አርጅተዋል። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ሰማይ አዩና፣ ያ የተደበቀው አውራ ጣት ይኸው መጣ አሉ። እኔ አላመንኩም።

እንግዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቆሜ የቀረሁት ለዚህ ነው። ሙዚቃው ገብቶ ሰው ሁሉ የራሱን ሲያወራ፣ እኔን ባሻ ከሞቱበት ዓመት ጀምሮ ወደ ቤትህ ግባ ያለኝ የለም። በመጨረሻ ሒሳቤን ከፍዬ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ሌላ የቆመ ሰው የለም፣ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሮጣል። ማንም እንዳያየኝ ነጠላዬን አጣፋሁና፣ ቀኝ እጄን ጨብጬ አውራ ጣቴን አነሣሁ። ጀርባዬ ደኅና ቢሆንም፣ ስንት ዓመት ቆሜ መጠበቄ ራሱ ቅጣት እንደ ነበረ እዚያ ላይ አወቅኩት።

አንድ ባለ ጋሪ እሱን የጠራሁት መስሎት ፈረሱን ገታ አደረገና አጠገቤ ቆመ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት» አልኩት።